ከሰርተፊኬቱ በኋላ ያለው ትምህርት፦ ከጅማ የአእምሮ ህክምና ክፍል

የሙያ ፈቃድ ማደሻ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት ያጣል። "ሲስተር፣ ነጥብ ያለው ስልጠና የት አለ?" የሚል መልእክት ከአጋሮ ይመጣል፣ ከሊሙ ይመጣል፣ እዚሁ ከተማ ካሉት ጓደኞቼም ይመጣል። አንዳንዱማ ሰላምታውንም ይዘለዋል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የአእምሮ ህክምና ነርስ ነኝ። የምሠራው ጅማ፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው። ታካሚዎቻችን የከተማው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከኦሞ ናዳ፣ አንዳንዴም ከከፋ ድረስ ይመጣሉ። ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው በር ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ከአንዱ ጋር ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አንድን ስልጠና ጥሩ ነው የምለው በዚያች አጭር ጊዜ የማደርገውን ነገር ከለወጠልኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ አይለውጡም።

የግዴታውን ጉዳይ ቶሎ እንለፈው። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ያስፈልገዋል። ሁላችንም ሲፒዲ ነው የምንለው። መነሻው በዓመት 30 ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚያዘው ኮርሱም ሰጪውም እውቅና ካላቸው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የእውቅና ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩን ሲጠየቅ "ኋላ ይላካል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ሰርተፊኬታችሁን ወዲያው ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። የጅማ ዝናብና የቤት ኪራይ መቀያየር ስንት ወረቀት እንደበላ የምናውቅ እናውቃለን። በተረፈ የመጨረሻው ወር ላይ አትሯሯጡ። የተገኘውን ሁሉ ስትይዙ ከሥራችሁ ጋር የማይገናኝ ነገር ላይ ትቀመጣላችሁ። የማህፀን በር ካንሰር ልየታ ጠቃሚ ነገር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ እሰማለሁ የሚል ልጅ ነው የተቀመጠው።

ጅማ ላይ ለምንሠራ ሰዎች የመማሪያ በር ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከድሮም ጀምሮ በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ ይልካል። በአእምሮ ጤናም ክሊኒካልና ማህበረሰብ አቀፍ ሥራን ያቀናጀ የማስተርስ ፕሮግራም አለው። ከጀርመኑ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋርም ለዓመታት የቆየ ትብብር አለ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አገራችን ውስጥ የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ክፍተቱን ይሸፍን የነበረው ነርሱ ነው። ዛሬም ከከተማ ወጣ ሲባል የአእምሮ ህሙማንን የሚያየው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። ገጠር ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ነው። የሚጠበቅበትም የዶክተር ያህል ነው።

ማስተርስ መማር የሚችል ይማር። እኔ ግን የማወራው ሥራቸውን ትተው መሄድ ለማይችሉት ነው። ለእነሱ የመጀመሪያው በር ብዙውን ጊዜ ኤምኤች ጋፕ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (ከእውነታ መራቅን፣ የሌለ ድምፅ መስማትን)፣ የሚጥል በሽታን፣ የአልኮልና የሌሎች ሱሶችን ችግር እንዲያክም ያሰለጥናል። መመሪያ መጽሐፉ በ2010 ወጣ፣ በ2016 ታደሰ፣ በ2023 ደግሞ ምክሮቹ እንደገና ተከለሱ። ዓመቶቹን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አውጥታችሁ የትኛው እትም እንደሆነ እዩት። የመጀመሪያውን እትም ፎቶ ኮፒ እንደ ዳዊት ደግማ ይዛ የምትሠራ ጎበዝ ባልደረባ አለችኝ። አብዛኛው ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው ግን ሰው የሚጎዳ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስልጠናው ሲሰጥ ስላይዱ ይበዛል። ጠዋት ቅድመ ፈተና፣ ማታ ድህረ ፈተና፣ መሃል ላይ ሻይ ቡና። እኔ ከዚህ ሁሉ የምሰጠው ትልቁ ቦታ ለሮል ፕሌይ ነው። አንዱ ታካሚ ይሆናል፣ አንዱ ባለሙያ፣ ሦስተኛው ቁጭ ብሎ ይታዘባል። ሰው ሮል ፕሌይ ሲባል ይስቃል፣ ያፍራል፣ "እኛ ልጆች ነን እንዴ" ይላል። አሰልጣኙም ሰዓት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው። እንዳይቆረጥ ተከራከሩ። የምትመርጡት ስልጠና ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓቱ ልምምድ ነው?

ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅን ውሰዱ። መመሪያው ቀጥታ ጠይቁ ይላል። መጠየቅ ሰውየውን ወደዚያ አይገፋውም፣ እንዲያውም ጭንቀቱን ያቀልለታል። ይህን ስላይድ ላይ አንብቦ የማይስማማ የለም። ከዚያ ሮል ፕሌይ ላይ ስታስቀምጡት ዓመታት የሠራ ሰው "ክፉ ክፉ ነገር አያስቡም አይደል?" ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲጠየቅ ማን አዎ ይላል? ታካሚውም "ኧረ አላስብም" ይላል፣ ባለሙያውም ተገላገልኩ ብሎ ያልፋል። ይህን አፍ ለማቃናት ደጋግሞ ከመለማመድ ሌላ መንገድ የለም። "አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ምነው ባልኖርኩ ይላል፣ እርስዎም እንዲህ ይሰማዎታል?" ብሎ መጀመር ይቻላል። ቀጥሎ ራሱን ስለ መጉዳት፣ ያሰበው መንገድ እንዳለ፣ ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት እንዳለ እስከ መጠየቅ መሄድ ነው። የተባይ መድኃኒቱን ጥያቄ አትዝለሉ። ገበሬ ቤት ውስጥ እጅ ሲዘረጋ የሚገኘው እሱ ነው።

ልምምዱን ደግሞ በታካሚው ቋንቋ አድርጉት። እዚህ አካባቢ ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይሆናል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እናት ግን የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ሽምድድ ያደረጋችሁት ጥያቄ እዚያ ሲደርስ ይጠፋችኋል። በቡድናችሁ ውስጥ ቋንቋው የሚቀላጠፍለት ሰው ታካሚ ይሁንላችሁ። አስተርጓሚ ሆኖ የሚገባ የቤተሰብ አባል ካለም እሱንም በልምምዱ ውስጥ አስገቡት። ልጅ ለእናቱ "ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ" ብሎ ሲያስተረጉም ምን እንደሚፈጠር መገመት አያቅትም።

የጫቱ ነገር ሌላው ነው። ከውጭ የሚመጣ የሱስ ስልጠና አልኮልና ሄሮይን ላይ ያተኩራል። ጅማ ላይ ያለ ባለሙያ ግን በየቀኑ የሚያጋጥመው ጫት ነው። "ትቅማለህ?" ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ስንት ሰዓት ይቀመጣል? ብቻውን ነው ከሰው ጋር? ከበርጫው በኋላ ጨብሲ አለ? እንቅልፉስ? ጨብሲውን ካልጠየቃችሁ አልኮሉን ትስቱታላችሁ። "ጠጪ ነህ ወይ" ሲባል "አይደለሁም" ይላል፣ በእሱ ቤት ምርቃና ማብረጃ መጠጣት መጠጥ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬ ያባብሳል፣ ሳይኮሲስ ያለበትን ሰው ህክምና ያውካል። በዚህ ላይ ግልጽ ልምምድ የሚሰጥ ስልጠና ካገኛችሁ አትለፉት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ጫትና አእምሮ ጤና የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ከሩቅ ከመፈለግ እነሱን ፈልጋችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስልጠናው አልቆ ወደ ሥራ ስትመለሱ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ይላል። ከዚያ ወረፋው ይበዛል፣ የለመዱት እጅ ይመለሳል። ሃሎፔሪዶል (የሳይኮሲስ መድኃኒት) ሲጽፍ አርቴን (የጎንዮሽ ጉዳቱን ማስታገሻ) አብሮ የሚጽፍ እጅ ሳያስበው ይጽፋል። ይህን የሚያስቆመው ሌላ ስልጠና አይደለም። አብሯችሁ ቁጭ ብሎ ኬዙን የሚያይ ሰው ነው።

ስለዚህ እኛ የኬዝ ውይይት ቡድን ጀመርን። በጀት የለውም፣ ባነር የለውም። የከተማው ልጆች በየሁለት ሳምንቱ በአካል እንገናኛለን፣ የወረዳዎቹ በስልክ ይገባሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፕሮጀክት ኤኮ የሚባል አሠራር ተጀምሮ ነበር። ገጠር ያሉ ሐኪሞች የሄፓታይተስ ሲ ታካሚያቸውን በቪዲዮ ለስፔሻሊስት ያቀርባሉ፣ ተወያይተው እዚያው ያክማሉ። ታካሚው ሩቅ አይሄድም። እኛ ቪዲዮ የሚችል ኔትወርክ ባይኖረንም ድምፅ ይበቃናል።

አሠራሩን ላካፍላችሁ። አቅራቢው አንድ ኬዝ ብቻ ያመጣል። አንድ ገጽ ነው፦ የዕድሜ ክልል፣ ዋናው ችግር፣ እስካሁን የተደረገው፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ። ጥያቄ የሌለው ኬዝ አንቀበልም። ጥያቄ ከሌለ ወሬ ይሆናላ። ስም፣ ቀበሌ፣ የካርድ ቁጥር አይጠራም። የካርድ ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፣ የለጠፈ ወዲያው ይጠፋበታል። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። "የመርካቶ ነጋዴ፣ ሁለተኛ ሚስቱ የሞተችበት" ካላችሁ ግማሹ ቡድን ሰውየውን ያውቀዋል። ስለዚህ የማያስፈልገውን ዝርዝር እንቀይራለን።

ከሁሉ የጠቀመን ሕግ ግን ይሄ ነው፦ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ይናገራል። ሳይካትሪስቱ ቀድሞ ከተናገረ ውይይቱ እዚያው አለቀ። ሁሉም "ልክ ነው ዶክተር" ይላል። እሱ ዝም ሲል ግን የጤና ጣቢያዋ ልጅ "እኔ ጋ እኮ ይሄ መድኃኒት ካለቀ ቆየ" ትላለች። ውይይቱ ከመጽሐፍ ወደ መሬት ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብዳል። ታገሱት።

ምን እንደምንማርበት ለማሳየት ያህል፣ ከብዙ ኬዞች የተቀላቀለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ወጣት ሴት ናት፣ የሚጥል በሽታ አለባት። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ትወስዳለች። እሱን ከጀመረች ወዲህ ጥሏት አያውቅም፣ ሁሉም ደስተኛ ነው። አቅራቢዋ የጠየቀችው ስለ ክብደት መጨመር ነበር። ከመሃል አንዱ "አግብታለች?" ብሎ ጠየቀ። ልታገባ ነው። እዚህ ላይ ነው አዲሱ ምክር የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ቫልፕሮኤት መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይጀመር አጥብቆ መክሯል። በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ጽንሱ ላይ የአካል ጉድለትና የአእምሮ እድገት ችግር የማምጣት ዕድሉ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ከፍ ያለ ነው። ይህን የሰማ ሰው ደግሞ ነገ ጠዋት መድኃኒቱን ድንገት ሊያቆምባት ይችላል። እሱም አደገኛ ነው፣ የሚጥለው ተደጋግሞ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ ውይይቱ ቀስ ብሎ ስለ መቀየር፣ በመሃሉ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ፎሊክ አሲድ፣ ለማን እንደምትላክ ሆነ። ለእሷስ ማን ይነግራታል፣ አማቶቿ ሳይሰሙ እንዴት? ይሄኛው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ወሰደ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ስላይድ አያስተምራችሁም።

አርቴኑም በዚሁ ቡድን ነው የተነሳው። መመሪያው የጎንዮሽ ጉዳት ሳይታይ ለመከላከል ብቻ ተብሎ በመደበኛነት አይሰጥ ይላል። እኛ ጋ ልማድ ሆኖ ነበር፣ አስጽፎ ወስዶ የሚሸጠውም አይጠፋም። አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ውይይቱ ውስጥ ስለነበር የማዘዣውን ሁኔታ ከእሱ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ፋርማሲስት የሌለበት ቡድን ሙሉ አይመስለኝም።

ስለ ኦንላይን ትምህርት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ነፃና ጥሩ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ኳሊቲ ራይትስ የሚባለው ኮርስ ስለ ታካሚ መብትና ያለ ማስገደድ ስለ ማከም ነው። ታካሚ ማሰርን እንደ ቀላል ነገር ለምናይ ክፍሎች የሚኮረኩር ነው። ጤና ሚኒስቴርም የኦንላይን መማሪያ አለው። ጽሑፍ ማንበብ ለሚወድ ደግሞ ሂናሪ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በብር የሚሸጡ መጽሔቶችን ይከፍታል። የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ሠራተኞችን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ችግሩ መብራቱና ኔትወርኩ ነው። ቪዲዮውን ማታ አውርዱ፣ ቀን በሥራ መሃል እከፍተዋለሁ አትበሉ። ነጥብ ለማግኘት ከሆነ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ የሚያድሰው አካል የውጭውን ሰርተፊኬት ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ። ካልተቀበለ የምታጡት እውቀቱን ሳይሆን ነጥቡን ነው።

የአበሉን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ስልጠና ሲመጣ ማን ይሂድ የሚለው የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በወረፋ ነው። "ባለፈው አንቺ ሄደሻል፣ አሁን የእሱ ተራ ነው።" ደመወዙ የሚታወቅ ነው፣ በአበሉ አልፈርድም። ነገር ግን የአእምሮ ህሙማንን የማያይ ሰው ሄዶ ሲመለስ ጤና ጣቢያው ምንም አላገኘም። አንድ ሰው ብቻ ሰልጥኖ እሱም በዝውውር ሲሄድ ደግሞ ክፍሉ ይዘጋል። የምታዩት ነገር ስለሆነ ብዙ አልልም። ኃላፊዎቻችሁን ለማሳመን አንድ መንገድ አለ፦ መዝገቡን ይዛችሁ ግቡ። ባለፈው ሩብ ዓመት ስንት የሚጥል በሽታ፣ ስንት ሳይኮሲስ ታየ፣ ማን ነው ያየው? ያየው ሰውና አጋዡ፣ ሁለቱም ይላኩ በሉ። ቁጥር ሲቀርብ ወረፋው ይላላል። ሁልጊዜ አይደለም።

ለውይይት ቡድኑም ሰዓት ጠይቁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተደረገ ነገር ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞታል። በተለይ ልጅ ያላቸው እናቶች መጀመሪያ ይቀራሉ። እኛ የጠዋት ሪፖርት ከሚደረግባቸው ቀናት አንዱን አስፈቅደን ነው የቀየርነው።

አዲስ ቡድን የምትጀምሩ ሰዎች "ኬዝ ከየት እናምጣ፣ ከባድ ኬዝ የለንም" ትሉኛላችሁ። ከባድ አትፈልጉ። የቀጠሮ መዝገቡን ክፈቱና ደጋግሞ የቀረ ሰው ፈልጉ። ለምን ቀረ? መድኃኒት አጥቶ ተመልሶ ይሆናል። የትራንስፖርት አጥሮት ይሆናል። ቤተሰቡ ጸበል ወይም ሼህ ጋ ወስዶት ይሆናል፣ ያ ከሆነ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል ወይ ብላችሁ ተወያዩ። ወይም ቀጠሮው ኅዳር ላይ ወድቆ ይሆናል። ኅዳር ላይ ቡና እየተለቀመ ነው፣ የጎማና የማና ሰው ቡናውን ትቶ አይመጣም። እኛ እንዲህ ካለ ኬዝ ተነስተን ከመኸሩ በፊት ረዘም ያለ ቀጠሮና በቂ መድኃኒት መስጠት ጀመርን፣ ፋርማሲው ሲፈቅድ።